ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፦ ስለፈረሰው የሴት ሠራተኞች ኮሚቴ ለድርጅታችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ለሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በውስጥ አሠራር ነበር የላክነው። ሁለት ጊዜ ላክን። ሁለቱንም ጊዜ «ደርሶናል፣ እየታየ ነው» ተባልን። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። አሁን በግልጽ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአራት መስመር ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሥራ ስንገባ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘነው። የሴት ሠራተኞች ኮሚቴ ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን አቁሟል፣ ተግባሩም ወደ ሰው ሀብት ክፍል ተዛውሯል ይላል። ምክንያቱ «የሥራ ድግግሞሽን ለማስቀረት» ነው። እኛ የኮሚቴው አባላትም እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ቆመን አነበብነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ኮሚቴው አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። የደመወዝ እርከኑ ለሠራተኛው ይፋ ይሁን የሚል ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ደረሰን፤ የሴቶች ቀንን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አቋቁሙ የሚል። አበባ ይገዛል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ እንነሳለን። ይኼኛው ኮሚቴ የሥራ ድግግሞሽ አልሆነም።

ራሴን ላስተዋውቅ። የፈረሰው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ ሌላ፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት በአብዛኛው የክፍል ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። የሥራ መደቤ ግን ጸሐፊነት አይደለም። ባለሙያ ነኝ። አንድ ቀን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተባልኩ፤ ያው በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ አውቃለሁ። ምስጢር ላወጣ እንዳይመስላችሁ። እዚህ የምጠቅሰው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሴቶች ራሳቸው «ጻፊልን» ያሉኝን ብቻ ነው።

በደመወዙ ልጀምር፤ ኮሚቴውን ያስፈረሰው እሱ ነውና።

ሁለት ባልደረቦቻችን በአንድ ወር ተቀጠሩ። አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። መደባቸው አንድ ነው፣ የትምህርት ደረጃቸውም አንድ ነው። እሷ በአራተኛ ዓመቷ ማተሚያ ማሽኑ ላይ ተረስቶ የቀረ ወረቀት አነሳች። የእሱ ደመወዝ ከእሷ በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። «ለምን?» ብላ ኃላፊዋ ጋ ስትሄድ ያገኘችው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ «ወረቀቱን ከየት አመጣሽው?» ስለ ልዩነቱ የተነገራት ከስንት ምልልስ በኋላ ነው። «እሱ ሲቀጠር ተደራድሮ ነው» አሏት። እሷ ስትቀጠር ግን «ደመወዙ በእርከን የተወሰነ ነው፣ ድርድር የለም» ተብላለች።

ይህ በእኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። ሊሊ ሌድቤተር የምትባል አሜሪካዊት በአላባማ ግዛት በጉድይር የጎማ ፋብሪካ 19 ዓመት ሠርታለች። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ወንዶች ከእሷ በላይ እንደሚከፈላቸው ያወቀችው ጡረታ ልትወጣ ስትቃረብ ነው፤ ስሙን ያልጻፈ ሰው በተወላት ማስታወሻ። ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ «ዘግይተሻል» አላት። የደመወዝ ውሳኔው በተሰጠ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ነበረብሽ ነው ነገሩ። ያላወቀችውን ነገር! ሕጉ በ2009 ተስተካከለ፤ በስሟም ተጠራ። እሷ ራሷ ግን ከዚያ ክስ ምንም አላገኘችም።

ደመወዝ ምስጢር ሲሆን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም። «ደመወዝ የግል ጉዳይ ነው» ትሉናላችሁ። እኛ የማንንም ስም አልጠየቅንም። የጠየቅነው እርከኑን ነው፤ በየእርከኑም የወንዱንና የሴቷን አማካይ ክፍያ። አይስላንድ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እኩል እንደሚከፍል ራሱ እንዲያረጋግጥ አስገድዳለች። ማስረጃ የመፈለጉ ሸክም ከሠራተኛዋ ትከሻ ወርዶ ቀጣሪው ላይ ተጫነ ማለት ነው። የተረሳ ወረቀት መጠበቅ ቀረ።

አንድ ጊዜ ደግሞ «ሥራው እኮ አንድ ዓይነት አይደለም» ተባልን። ልክ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 በ1951 ሲጸድቅ ግን «አንድ ዓይነት ሥራ» አላለም። «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» ነው ያለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። በ1968 ለንደን አጠገብ ዳገናም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የመኪና መቀመጫ ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነበር። ሥራቸው ብዙ ሙያ አይጠይቅም ተብሎ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ተመደበ። በዚያው ደረጃ ካለው ወንድ ክፍያ እንኳ የሚያገኙት 85 በመቶውን ነበር። ከሦስት ሳምንት አድማ በኋላ ወደ 92 በመቶ ከፍ አለላቸው፤ በ1970 ብሪታንያ የእኩል ክፍያ ሕግ አወጣች። ሙያ ነው ብለው የተከራከሩለት ደረጃ ግን የተሰጣቸው በ1984 ነው። ያውም ከሌላ አድማ በኋላ።

በእኛ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው። «የመስክ ማስተባበር» የሚባለው ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል በሁለት ደረጃ ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ሰነድ ካለ አሳዩን። እኔ በሰባት ዓመት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ዕድገቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ያንገበገበን ይኸኛው ነው።

አንዲት ባልደረባችን የክፍሉ ኃላፊ ሲለቅ ተጠባባቂ ሆና ተመደበች። አሥራ አራት ወር ተጠባበቀች። በእነዚያ ወራት ክፍሉ ዕቅዱን ያሟላ እንደነበር በሪፖርታችሁ ተጽፏል፤ ገልብጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦታው ማስታወቂያ ሲወጣበት ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ መስፈርት ገባ፤ የአምስት ዓመት የመስክ ልምድ። እሷ የላትም። እሷ ያሠለጠነችው ልጅ ግን አለው። ተወዳደሩ። ገምጋሚዎቹ አምስት ናቸው፣ አምስቱም ወንዶች። ውጤቱን መናገር አያስፈልግም።

የሚያሳዝነኝ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ከማስታወቂያው በፊት በነበረ ስብሰባ አንድ ኃላፊ «ልጆች አሏት፣ መስክ ይከብዳታል» ብለዋል። ይከብድሽ እንደሆነ የጠየቃት የለም። በቅን ልቦና እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ሊያዝኑላትም ፈልገው ይሆናል። ነገር ግን የተመረጠው ልጅም ሦስት ልጆች አሉት። ስለ እነሱ በቃለ ጉባኤው ውስጥ አንድም ቃል የለም። እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ከጥላቻ ይልቅ ያስቸግራል። የሚጠላሽን ትከራከሪዋለሽ። የሚያዝንልሽን ምን ትይዋለሽ?

ኮታ ስጡን አላልንም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ኮሚቴው ኮታ ጠየቀ የሚል ወሬ ስለተነዛ ነው። ኮታ የሚያስነውር ነገር ስለሆነም አይደለም። ኖርዌይ የትላልቅ አክሲዮን ማኅበራት ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ሴት፣ 40 በመቶ ወንድ እንዲሆን በ2003 ሕግ አውጥታ፣ በ2008 ያላሟላ ይፈርሳል ብላ አስፈጽማዋለች። ከሕጉ በፊት የሴቶቹ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር። «ብቁ ሴት የለም» ይባል ነበር፤ ግዴታ ሲመጣ ተገኙ። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። መስፈርቱ ሰው ታይቶ አይቀየር ነው ያልነው። የአሜሪካ የሙዚቃ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተፈታኙን ከመጋረጃ ጀርባ ማስጫወት አስለምደዋል። የጫማ ኮቴ ጾታን እንዳያሳብቅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያነጠፉም አሉ። እኛ መጋረጃ አልጠየቅንም። የቃለ መጠይቁ ነጥብ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ የወደቀው ሰው ይየው፣ ገምጋሚዎቹ ውስጥ ሴት ትኑር አልን።

ስለ ወሊድ ፈቃድ።

ፈቃዱ ይሰጣል፤ በዚህ አንከሳችሁም። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከወሊድ የተመለሱ ሦስት ባልደረቦቻችን ጠረጴዛቸውን አላገኙትም። ጠረጴዛው ቀላል ነበር። የሚከታተሏቸው ደንበኞችም ለሌላ ተሰጥተዋል፤ አልተመለሱላቸውም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ምዘናው ነው። አንዷ ፈቃድ ላይ ለነበረችበት ግማሽ ዓመት «መካከለኛ» ተሞላላት። ያልነበረችበትን ጊዜ ማለት ነው! ለምን ስትል «ባዶ መተው አይቻልም፣ ሲስተሙ አይቀበልም» ተባለች። በዚያ ነጥብ ምክንያት የእርከን ጭማሪዋ ዘገየ። ሲስተሙን የሠራው ሰው ነው። ሰው ያስተካክለዋል።

ሌላዋ ጡቷን የምታልበው መዝገብ ቤት ገብታ፣ በሩን በወንበር ደግፋ ነው። ሁለት ጊዜ ተከፍቶባታል። ይህን ስታነቡ ፈገግ የሚል ካለ እባካችሁ አትበሉ።

የእናትነት ጥበቃ ገና በ1919 የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሲቋቋም ካጸደቃቸው የመጀመሪያ ስምምነቶች አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 3 ነው። በ2000 የጸደቀው ቁጥር 183 ደግሞ ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ፣ ወደ ቀድሞ ወይም አቻ ሥራ በዚያው ክፍያ መመለስን፣ ለማጥባትም ዕረፍትን ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን እንዳሳየችው፣ በአንድ ሙያ ውስጥ ባሉ ወንድና ሴት መካከል ዛሬ ከሚታየው የገቢ ልዩነት አብዛኛው የሚመጣው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ልዩነቱ በምን እንደሚገባ ታያላችሁ። ባልነበርሽበት ጊዜ በተሞላ ነጥብ፣ ባልተመለሰ ደንበኛ።

ስለ ትንኮሳ አጭር ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ ባለጉዳይዋ ዝርዝሩን አልፈለገችም። አቤቱታዋን ያቀረበችው በደንቡ መሠረት ለቅርብ ኃላፊዋ ነው። የከሰሰችው ሰው የኃላፊዋ የቅርብ ጓደኛ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ለደኅንነትሽ» ተብላ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች። እሱ ወንበሩ ላይ አለ። ማነው ታዲያ የተቀጣው? የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 በ2019 ጸድቆ ሰኔ 25 ቀን 2021 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ሥራ ላይ ሲውል፣ አቤት ያለች ሠራተኛ ከበቀል ትጠበቅ ይላል። ሸፋፍኖ ማዛወር ጥበቃ አይደለም።

ቃለ ጉባኤ ያልኩትን አንስቼ ልጨርስ። የስንብት ዝግጅት ሲኖር መዋጮ የሚሰበስበው ማነው? እንግዳ ሲመጣ የሚያስተናግደው፣ አዲስ ሠራተኛ የሚያስጎበኘው፣ የታመመ ባልደረባ ቤት የሚሄደው? ሴቶቹ ነን። ከሥራ ሰዓታችን ላይ። ዓመቱ ሲያልቅ ምዘናው ላይ የዚህ ሳጥን የለም። ሊንዳ ባብኮክና ሦስት የሥራ ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው ያገኘው። ዕድገት የማያስገኝ ሥራ ሲመጣ ሴቶች ይበልጥ ይጠየቃሉ፣ ይበልጥም እሺ ይላሉ። ወንዶች ብቻ ባሉበት ግን ወንዶቹ ራሳቸው ይነሳሉ። እጃቸው መጻፍ ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጉድ ልናገር። ኮሚቴው ፍጹም አልነበረም። ስብሰባ እናበዛ ነበር። በኤጀንሲ ተቀጥረው እዚህ የሚሠሩትን የጽዳት ሴቶች እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ አንድም ቀን ጠርተን አልጠየቅናቸውም። አንዷ «እናንተ ስለ ወንበር ነው የምታወሩት፣ እኔ ስለ ቀን ክፍያዬ ነው» ስትለን አፍረናል። ኮሚቴው ይከለስ ብትሉን ኖሮ እሺ እንል ነበር። እናንተ ግን አፈረሳችሁት።

«ሰው ሀብት ክፍል አለ» ትላላችሁ። አለ። የደመወዝ ውሳኔውን የሚፈጽመው፣ ማስታወቂያውን የሚያወጣው፣ ምዘናውን የሚያስሞላው ራሱ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች ክፉ አይደሉም። ግን ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም እነሱ ይሁኑ?

በየስብሰባው «ሴቶቻችንን ወደ ፊት ማምጣት» የሚል ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ወደ ፊት የመጣች ሴት ትፈልጋላችሁ። የምትጠይቅ ሴት አትፈልጉም። አንዷ ያለ ሌላዋ የመጣችበትን ቦታ እኔ አላውቅም። አበባ ግዙ ያላችሁን ቀን ራሱን እንዩት። ክላራ ዜትኪን በ1910 ኮፐንሃገን ላይ ሐሳቡን ያቀረበችው ለሴት ሠራተኞች መብት መታገያ እንዲሆን ነው። በመጋቢት 1911 ለመጀመሪያ ጊዜ በተከበረ በስድስተኛው ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። መውጫ በር ተቆልፎባቸው ነበር። ቀኑ ማርች 8 ላይ የጸናው ደግሞ በ1917 የሩሲያ ዋና ከተማ በነበረችው በፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች በዚያ ቀን ሥራ አቁመው አደባባይ ስለወጡ ነው። በሳምንቱ የሩሲያው ንጉሥ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በጥቅምት 24 ቀን 1975፣ ይኸም በእነሱ አቆጣጠር፣ 90 በመቶ የአይስላንድ ሴቶች ቢሮም ቤትም አንሠራም አሉ። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ወጣ። በአምስተኛው ዓመት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች።

እኛ አድማ አልመታንም። ደብዳቤ ነው የጻፍነው። ኮሚቴው የፈረሰው ግን በአራት መስመር ማስታወቂያ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የሴት ሠራተኞች ኮሚቴ ይመለስ፤ አባላቱን ሠራተኛዋ ትምረጥ፣ በኤጀንሲ ያሉትም ይወከሉ። የደመወዝ እርከኑና በየእርከኑ የወንድና የሴት አማካይ ክፍያ በሰሌዳው ላይ ይውጣ፤ ያ አራት መስመር የተለጠፈበት ቦታ ይበቃል። የክፍል ኃላፊው ምርጫ ገለልተኛ በሆኑ ገምጋሚዎች እንደገና ይታይ። በወሊድ ፈቃድ ጊዜ የተሞሉ ነጥቦች ይሰረዙ፣ የዘገየው ጭማሪ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይከፈል። የሚቆለፍ ክፍል ይሰጠን፤ መዝገብ ቤቱ ለመዝገብ ይሁን። የትንኮሳ አቤቱታ ከቅርብ ኃላፊ ውጭ የሚቀርብበት አካል ይቋቋም፤ የተዛወረችው ባልደረባችንም መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ትጠየቅ። መልሱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

የሴቶች ቀንን የሚያዘጋጀውን ኮሚቴ በተመለከተ፣ ከመካከላችን አባል የሚሆን የለም። የአበባው ገንዘብ የበሩን ቁልፍ ይገዛል።

የእኔ የግሌ የሆነች አንዲት ነገር አለች። ቃለ ጉባኤ መያዝ በተራ ይሁን። የሚቀጥለው የኃላፊዎች ስብሰባ ሰኞ ነው፤ የሚይዝ ሰው ከወዲሁ ይመደብ።

ከሰላምታ ጋር፣

የፈረሰው የሴት ሠራተኞች ኮሚቴ ጸሐፊ
በኮሚቴው አባላት ስም

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር
ለሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው